እራት ማን ያበስላል? ከሳምጣ ኩሽና እስከ ሐርቡ ማጀት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደመወዝም ስለ ኢቃማም አይደለም፤ ስለ እራት ነው። ረዘም ይላል፣ ስራ ላይ ያላችሁ ማታ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ቤታችን እንግዳ መጥቶ ነበር። ትሪውን ይዤ ስገባ የመዳሜ እህት ስልኳን እያሳየች «አሁን ማን እቤቱ ዓሻ ያበስላል? የቤት እራት እኮ ሞተ፣ ሁሉም በስልክ ሆነ» ትላለች። ሌሎቹም «እውነትሽን ነው» አሉ፣ ከንፈር እየመጠጡ። እኔ በልቤ ሳቅኩ። ትሪው ላይ ያለውን ከአስር ሰላት ጀምሬ ቆሜ የሰራሁት እኔ ነኛ! ሩዙም፣ ስጋውም፣ ሳምቡሳውም። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ የጂዛን ሰኔና ሐምሌ፣ ያ አቧራ የሚያነሳው ንፋስ ሲመጣ መስኮት እንኳ አይከፈትም።

ግን ማታ ስተኛ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሴትዮዋ ዋሸች ወይስ እውነት ተናገረች? እዚህ ከተማ ሁለት ጊዜ ነው የሰራሁት። መጀመሪያ በ2004 ዓ.ም. በኮንትራት መጥቼ ሁለት አመት ሰራሁና ተመለስኩ። ከዚያ በ2015 እነሱው ቤት ስሜን ጠርተው አስመጡኝ። በመሀሉ ብዙ ነገር ተለውጦ ነው ያገኘሁት። እናም ማማ ከቢራን፣ የባባን እናት ማለቴ ነው፣ ቡና እያጠጣሁ መጠየቅ ጀመርኩ። ወሬ ትወዳለች፤ የሚሰማት ስላጣች ደግሞ ይበልጥ ትወዳለች።

ማማ ከቢራ ልጅ ሳለች ሳምጣ ላይ እንዲህ ያለ የብሎኬት ቤት የለም። ቤቱ «ዑሻ» የሚሉት የሳር ቤት ነበር፣ ክብ ሆኖ ጣሪያው ሾጠጥ ያለ። በስልክ ፎቶ ስታሳየኝ «ይሄማ ጎጆ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ወላሂ የኛ አገር ጎጆ ነው። የቀይ ባህር ወዲያና ወዲህ ያለ ሰው አንድ አይነት ቤት ይሰራ ነበር። ማብሰያው ከቤቱ ውጭ ነው። «ሚፋ» የሚሉት ከሸክላ የተሰራ የቁም ምድጃ አለ፤ እንጨት ያነዱበትና ፍሙ ሲቀር ዳቦውን በውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። እህሉ ማሽላና ዳጉሳ የመሰለው «ዱኽን» ነው። ዝናብ ሲመጣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ማሳ ላይ እየጠለፉ ነበር የሚያበቅሉት። ሴቶቹ ከሱብሂ በፊት ተነስተው በድንጋይ ይፈጫሉ። ያንን ስትነግረኝ እጇን ወደፊትና ወደኋላ አድርጋ አሳየችኝ። እናቴ ወፍጮ ላይ ስትንበረከክ ያለውን እንቅስቃሴ ነው፣ አንድም አልቀየረችም።

እራታቸው ምን ነበር? ከሳምንት ሳምንት ያው ነው። «ኸሚር» ይሉታል፣ ቦክቶ የሚጋገር የማሽላ ዳቦ፤ እርሾው ከትናንቱ ሊጥ የሚቀር፣ ልክ እንደኛ። እሱን በወተት፣ ካለም በሰሊጥ ዘይት። የሰሊጥ ዘይቱን «ሰሊጥ» ነው የሚሉት! ቡና ስጠጣ አንቆኝ ነበር። ሰኞ ሰኞ የሳምጣ ገበያ ነው፣ እስከ ዛሬም የሰኞ ገበያ ነው፤ ያን ቀን ስጋ ከተገዛ «መገሽ» ይሰራል። መገሽ ማለት ከድንጋይ ተፈልፍሎ በተሰራ ድስት ስጋና አትክልት፣ ባሚያም ይገባበታል፣ አንድ ላይ ሆኖ ሚፋው ውስጥ ተከድኖ የሚበስል ነው። እንግዳ ከመጣ ደግሞ «መርሳ»፤ የተጋገረ ዳቦ በበሰለ ሙዝ ታሽቶ ቅቤና ማር ይፈስበታል። ሩዝ የሀብታም ነበር አለችኝ። ይሄን እናንተም ልብ በሉ። ዛሬ «የአረብ ምግብ» ስንል ከብሳ ነው የሚመጣብን፣ ሩዙ ግን በመርከብ ከህንድ የመጣ ነው። የዚህ ምድር እራት ማሽላ ነበር።

ማን ነበር የሚያበስለው ስላት «እኛ፣ ሴቶቹ፣ እናቴ፣ የወንድሞቼ ሚስቶች» አለች። ትንሽ ዝም ብላ «በትልልቅ ሰዎች ቤት ደግሞ ነበሩ» አለችና ጀበናውን አየች። እነማን እንደነበሩ ግልጽ ነው። ሳውዲ ባርነትን በህግ የከለከለችው በፈረንጆቹ 1962 ነው፣ ማማ ከቢራ ልጅ ሳለች ማለት ነው። በዚህ አገር ሀብታም ቤቶች ከባህሩ ማዶ፣ ከኛ አገር ጭምር ተሸጠው የመጡ ሴቶች ይፈጩና ያበስሉ ነበር። በኛም አገር እንደዚያው ነው፣ ራሳችንን ንጹህ አናድርግ። ባርነት በአዋጅ የቀረው በፈረንጆቹ 1942 ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1887 እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ያበሉትን ግብር ታሪክ እስከ ዛሬ ያወራል፤ ለቀናት ህዝብ በላ ጠጣ ተብሎ። ስንት በሬ እንደታረደ የሚቆጥር አለ። ያን ሁሉ ጤፍ የፈጨችው፣ በርበሬ የደለዘችው፣ እንጀራ ስትጋግር ጢስ አይኗን ያጠፋው ሴት ግን ስሟ የለም። እኔ ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የምፈልገው እሷን ነው። እስካሁን አላገኘኋትም።

ወደ ሳምጣ ልመለስ። ይህ ምድር የሳውዲ የሆነው ገና ትናንት ነው። ከዚያ በፊት ሰብያ የተቀመጠው የኢድሪሲ መንግስት ነበር፤ በ1930 ኢብን ሳዑድ ጠቀለለው፣ በ1934 ከየመን ጋር የጣኢፍ ስምምነት ተፈርሞ ድንበሩ ከሳምጣ ትንሽ ወረድ ብሎ ተሰመረ። ለማማ ከቢራ እናት ግን ድንበር ማለት ምንም ነበር። በገበያ ቀን ከወዲያ የሚመጡ ሴቶች ሸክላ፣ ቅቤ፣ አብሽ ይዘው ይመጡ ነበር። አሁን እኛ በዚያው በኩል በእግር ስንመጣ ምን እንደሚገጥመን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አላነሳውም። ሌላ ቀን።

ከዚያ የነዳጁ ገንዘብ መጣ፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ። መንገድ፣ መብራት፣ ፍሪጅ፣ የጋዝ ምድጃ። ምድጃው ከግቢ ወደ ቤት ገባ። ሩዝ በጆንያ ረከሰ። ወንዱ የመንግስት ስራ ገባ። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ይመስለኛል፣ የሴቶች ትምህርት ቤት። መንግስት የሴት ልጆች ትምህርት ቤት መክፈት የጀመረው በ1960 ነው፤ በዝግታ እዚህም ደረሰ። መዳሜ አስተማሪ ናት፣ እህቷም አስተማሪ ናት። ጠዋት ወጥታ ከሰአት ደክሟት የምትመለስ ሴት ማሽላ አትፈጭም፣ ልክ ናት። ታዲያ ማሽላው ቀርቶ ምግቡ ግን አልቀረም። እንግዳውም አልቀረም፣ የባል እናትም አልቀረችም። እጅ ተፈለገ። እጁ ከእስያ መጣ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከስሪላንካ።

እኔ በ2004 ስደርስ ኩሽናው ውስጥ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የቅመም ብልቃጦቹ ላይ በወረቀት የተጻፈ ስም ተለጥፏል፣ በአረብኛ አይደለም፣ በላቲን ፊደል ነው። ከኔ በፊት የነበረችው ኢንዶኔዥያዊት የጻፈችው ነው። ልጆቹ ማታ ማታ ኢንዶሚ ካልበሉ አይተኙም፤ እንቁላል ተመትቶበት፣ በሚጥሚጣ ብጤ። ያንን ያለመደቻቸው እሷ ናት። በ2011 የኢንዶኔዥያ መንግስት፣ አንዲት ሰራተኛ ዜጋው እዚህ በሞት ከተቀጣች በኋላ፣ ሴቶቹን መላክ አቆመ፤ ሳውዲም የኢንዶኔዥያንና የፊሊፒንስን ቪዛ ዘጋች። እኛ በብዛት የጎረፍነው ያኔ ነው፣ ቦታው ክፍት ስለሆነ። ደላላው ሐርቡ ድረስ መጥቶ «አሁን ነው ጊዜው» ያለን ለዚህ ነበር፣ እኔ እድሌ መስሎኝ። የሌላዋ ሴት ሞት በር እንደከፈተልኝ ያወቅኩት ከአመታት በኋላ ነው። ብልቃጦቹ ላይ ያለውን ወረቀት አልላጥኩትም። እስከ ዛሬ አለ፣ ደብዝዟል።

ከዚያ በ2013 መጨረሻ ያ ሁሉ አፈሳ ሆነ፣ በጥቂት ወራት ከመቶ ሺህ በላይ ወገን ተመለሰ። አገራችንም በዚያው ሰሞን ለስራ መውጣትን ከለከለች፤ እንደገና የተከፈተው በ2018 ነው፣ ሁሉም በፈረንጆቹ። በነዚያ አመታት ሰዉ በህጋዊ መንገድ መምጣት ቀረ እንጂ መምጣቱ አልቀረም።

አሁን የመዳሜ እህት ወዳለችው ልምጣ። በስልክ ማዘዝ እውነት ነው። ሀንገርስቴሽን በ2012 ነው የተጀመረው፣ ጃሂዝ በ2016። መጀመሪያ በመጣሁ ጊዜ ሳምጣ ላይ ከውጭ የሚመጣ እራት ማለት ባባ ራሱ መኪና ይዞ ሄዶ የሚያመጣው መንዲ ወይም ዶሮ ነበር፣ ያውም ሐሙስ ማታ። አሁን ልጆቹ ክፍላቸው ተኝተው ያዛሉ። ሶስት ልጆች ሶስት አይነት። አንዱ በርገር፣ አንዷ ሹዋርማ፣ ትንሹ ፒዛ። እኔ በር ላይ እቀበላለሁ። አንድ ሱፍራ ላይ አንድ ትሪ ዙሪያ የሚቀመጥበት ቀን በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ነው። በዚህ በኩል ሴትዮዋ እውነቷን ነው፤ እሷ ያለቀሰችው ለምግቡ ሳይሆን አብሮ ለመቀመጡ ይመስለኛል።

ግን እህቶቼ፣ እስቲ ንገሩኝ፣ ከውጭ ሲታዘዝ ስራ ቀነሰላችሁ? እኔ ጋ አልቀነሰም። እነሱ በርገር ሲበሉ ማማ ከቢራ ሾርባና ለስላሳ ምግብ ትፈልጋለች፣ ባባ ስኳር ስላለበት ለብቻው ይሰራለታል። ድሮ አንድ ድስት ነበር፣ አሁን ሶስት ትንንሽ ድስት። ዋናው ችግር ሰአቱ ነው። እዚህ አገር ትልቁ ማዕድ ምሳ ነበር፤ እራት ቀለል ያለ ነገር ነበር። አሁን ሙቀቱን ሸሽተው ማታ ይወጣሉ፣ ከ2018 ወዲህ መዳም ራሷ ትነዳለች፣ ከሌሊቱ አምስት ስድስት ሰአት ይመለሳሉ፣ ያኔ ነው «ዓሻ» የሚባለው። ሳህኑን አጥቤ ስተኛ ስምንት ሰአት ይሆናል። ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ አስራ አንድ ተኩል ላይ መነሳት አለብኝ። የሳውዲ የቤት ሰራተኞች ደንብ በ2013 ሲወጣ በቀን ቢያንስ 9 ሰአት እረፍት ይል ነበር። እስቲ ቁጠሩልኝ። ይሄን ለመዳሜ በጨዋ ቋንቋ ነግሬያታለሁ፣ አሁን ሐሙስና አርብ ማታ የራሳቸውን ሳህን ማጠቢያው ውስጥ አስቀምጠው ይተኛሉ፣ ጠዋት አርፍጄ አጥባለሁ። ተናገሩ፣ አንዳንዴ ይሰራል።

ረመዳን ሲመጣ ደግሞ «የቤት እራት ሞተ» የምትል ሴት ኩሽናዬ ገብታ ትይ። ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ሉቀይማት፣ ሸፉት። ሸፉት የምትሰሩ ታውቃላችሁ፣ ልሑሕ በእርጎና በቅጠል ተርሶ የሚቀርብ ነው። ልሑሕ ማለት እኮ ስስ እንጀራ ማለት ነው፤ ቦክቶ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ በስሎ፣ አይን የሚያወጣ። መጀመሪያ ስጋግረው ማማ ከቢራ «ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። እናቴ አልኳት። አላመነችኝም።

አንድ ነገር አለ እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው። የሰኞ ገበያ ላይ አሁን የሳምጣና የአካባቢው ሴቶች ከቤታቸው የሰሩትን ያመጣሉ፣ «የአምራች ቤተሰቦች» ይሏቸዋል፤ በስልክም ይሸጣሉ። ኸሚር፣ መርሳ፣ መገሽ። ሰው «የቤት ምግብ» ብሎ ከሌላ ሰው ቤት ይገዛል። አዲስ አበባም እንደዚያው ሆኗል አይደል? እንጀራ ከሱቅ፣ በርበሬና ሽሮ ከባልትና ቤት። ድሮ እንጀራ መግዛት ነውር ነበር፣ «ሴት የለችበትም ወይ እቤቱ» ያስብል ነበር። አሁን ማን ጊዜ አለው? የአዲስ አበባ ሴቶች «ሰራተኛ ጠፋ» ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ። የት ጠፋን? እዚህ ነና! ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ ተነስተን አዲስ አበባን እንኳ ሳንረግጥ በቀጥታ ወደዚህ። በነሱ ማጀት የምንቆመው እኛ በሳምጣ፣ በአቡ አሪሽ፣ በሰብያ ማጀት ቆመናል።

እና የኛ ቤትስ? ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

እናቴ ሐርቡ ነው ያለችው፣ የማሽላ አገር። ልጅ ሳለን እራት ማለት እናቴ የጋገረችው የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነው፣ አንድ ትሪ ላይ ስድስት ልጅ። ወፍጮ ቤት ከመጣ በኋላ የተወለድኩ ስለሆንኩ የድንጋይ ወፍጮን የማውቀው እናቴ ቆሎ ስትከካበት ነው። እሷ ግን «ሞተር መጣና ጀርባዬ ዳነ» ትላለች። ስለዚህ ማንም «ድሮ ጥሩ ነበር» ቢለኝ አልሰማውም፤ የድሮው እራት የእናቴን ጀርባ በልቶ ነው የበሰለው። መጀመሪያ ስወጣ ልጄን በሶስት አመቷ ለእናቴ ሰጠኋት። ሁለተኛ ስወጣ አስራ አራት አመቷ ነበር። ሪያሉ ቤት ሰራ፣ ቆርቆሮው ተቀየረ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። ምጣዱ አሁን አልጋ ስር ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለታመመች አትጋግርም፣ ልጄ አትችልም፣ እንጀራው ከጎረቤት ይገዛል፣ ማታ ማታ ፓስታ ወይም ዳቦ በሻይ። አንዳንድ ቀን በምልከው ገንዘብ ከምግብ ቤት ያስመጣሉ። በስልክ ስጠይቃት «እራት ምን በላሽ?» ስላት «ምናምን» ትለኛለች። ሀገር ቤት ልጅ ያላችሁ ይቺን «ምናምን» ታውቋታላችሁ።

የመዳሜ ትልቋ ልጅና የኔ ልጅ እኩያ ናቸው። ሁለቱም እራት መስራት አይችሉም። የሷ ልጅ የማትችለው እኔ እዚህ ስላለሁ ነው፣ የኔ ልጅ የማትችለው እኔ እዚያ ስለሌለሁ ነው።

ስለዚህ የመዳሜ እህት ብትጠይቀኝ፣ አትጠይቀኝም እንጂ፣ የምላት ይሄን ነው። እራቱ አልሞተም። ሁልጊዜም የሆነች ሴት ታበስለዋለች፤ የቤቱ ሴት፣ የተሸጠች ሴት፣ ኢንዶኔዥያዊቷ፣ እኔ፣ የሰኞ ገበያዋ፣ የምግብ ቤቱ ሰራተኛ ደግሞ ወንድ ይሆናል፣ እሱም ስደተኛ ነው። የሚጠፋው እውቀቱ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድበት መንገድ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ዛሬ መገሽ መስራት የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው፣ እሱም የሐርቡ ሰው ነው። ማማ ከቢራ ሚፋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በዱላዋ እየጠቆመች አስተማረችኝ። ድንጋይ ድስቱ ከአማቷ የወረሰችው ነው። አንዴ ውሃ ሳያርፍበት ደረቁን እሳት ላይ ጥጄው ጠርዙ ተሰነጠቀ፣ አልጮኸችብኝም፣ ግን ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

ኮንትራቴ ሊያልቅ ወራት ቀርተውታል። መዳሜ «ለምትመጣው ልጅ መገሹን አስተምሪልኝ፣ ማማ ያለሱ አትበላም» አለችኝ። እኔም «ለምን ለልጅሽ አላስተምርም?» አልኳት። ሳቀች። አንድ ሐሙስ ማታ ግን ልጅቷ ራሷ መጣች፣ ስልኳን ይዛ፣ ለስናፕ ልትቀርጸኝ። እጄ ብቻ ይታይ፣ ፊቴን አታንሺ አልኳት። ባሚያውን ራሷ ከተፈችው፣ ሁለቴ ጣቷን ቆረጠች፣ ቪዲዮው ላይ አላስገባችውም። ማማ ከቢራ ከዳር ሆና «ቀጭን አድርጊው!» እያለች ትጮሃለች። ያን ቀን ማንም በስልክ አላዘዘም።

አርብ ደግሞ የኔ ተራ ሆነ። ልጄን በኢሞ ደውዬ ምጣዱን ከአልጋ ስር አውጪ አልኳት። ሊጡን ሐሙስ እናቴ አስቦክታላት ነበር። «አብሲት ምንድነው?» አለችኝ፣ በአስራ ሰባት አመቷ። ከሊጡ ትንሽ ወስደሽ በውሃ አፍልተሽ መልሰሽ ደባልቂው አልኳት። ምጣዱን በጎመን ዘር አሸችው። አፈሰሰች፣ ልክ ከመሀል ጀመረች፣ ከዳር ጀምሪ ብዬ ጮህኩባት። «አይን አላወጣም» አለች። ምጣዱ ገና አልጋለም፣ ጠብቂ አልኳት። ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ማታ ፎቶ ላከችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጣብቀው ተቀድደዋል፣ ሶስተኛው ደህና ነው። ሶስተኛውን እናቴ በሽሮ በልታዋለች።